የሪክ አንኪል ግራ እጅ

በቤዝቦል ሜዳ ወርዋሪው ከመቺው የሚርቀው 18.44 ሜትር ነው። ወርዋሪው አነስተኛ የአፈር ጉብታ ላይ ቆሞ ኳሷን ይወነጭፋል፤ ከመቺው ጀርባ ያጎነበሰው ያዥ ደግሞ በጓንቱ ይቀልባታል። ኳሷ ከእጁ እስክትወጣ ድረስ ተጫዋቹም ተመልካቹም የሚያየው እሱን ብቻ ነው። ሪክ አንኪል መንገዱ የጠፋው በዚህች አጭር ርቀት ላይ ነው።

የፍሎሪዳው ልጅ እ.ኤ.አ. በ1997 ለሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ሲፈርም 2.5 ሚሊዮን ዶላር ተከፈለው። በ20 ዓመቱ ከዋናው ሊግ ደረሰ። በ2000 ደግሞ 11 ጨዋታ አሸንፎ 194 መቺዎችን ኳስ አስቶ አሰናበተ።

በዚያው ዓመት ጥቅምት 3 ቀን፣ ከአትላንታ ጋር በተደረገው የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ሦስተኛ ዙር ላይ፣ ኳሷ አልታዘዝ አለችው። አንዷ ከያዡ ራስ በላይ አለፈች፣ ሌላዋ ወደ ጎን ሸሸች። በአንድ ዙር ውስጥ 5 ጊዜ ያዡ ሊደርስባት በማይችልበት አቅጣጫ ወረወራት፤ ከ1890 ወዲህ ይህ የደረሰበት ወርዋሪ አልነበረም።

ክንዱን አላመመውም። የቤዝቦል ሰዎች ይህን ነገር «ዪፕስ» ይሉታል። ሊጡን ከዳር ወደ መሀል እያዞረች ምጣድ ላይ የምታፈስ ሴት እጇን አታስበውም፤ እጇ ራሱ ያውቃል። በየዙሩ እጇ የት እንደሚሄድ ማሰብ ከጀመረች ግን እንጀራው ይበላሻል። አንኪልም ለዓመታት ሳያስብ ይሠራው የነበረውን ማሰብ ጀመረ። ፍርሃቱን ለማስታገስ ከጨዋታ በፊት ቮድካ እስከ መጠጣት እንደደረሰ ኋላ ራሱ ተናግሯል።

በ2001 ወደ ታች ወረደ። ትልልቆቹ ክለቦች በትንንሽ ከተሞች ተተኪ የሚያሳድጉባቸው፣ ደረጃ በደረጃ የተዘረጉ ቡድኖች አሏቸው። ለካርዲናልስ በዚያን ጊዜ የላይኛው እርከን ሜምፊስ ነበር፤ ከታችኞቹ አንዱ ደግሞ ገና የፈረሙ ልጆች ይጫወቱበት የነበረው፣ ቴነሲ ውስጥ ያለው ጆንሰን ሲቲ። አንኪል እዚያ ድረስ ወረደ። እዚያ ኳሷ ታዘዘችለት፤ ተራው ሲደርስም ዱላ ይዞ 10 ሆም ረን (ከሜዳው አጥር በላይ የሚያልፍ ምት) መታ። በ2003 ክርኑን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ በ2004 መጨረሻም ለጥቂት ጨዋታዎች ወደ ዋናው ሊግ ተመለሰ። ሁሉም «ዳነ» ሲል፣ በመጋቢት 2005 መወርወር እንደበቃውና ከእንግዲህ በሜዳው ጥልቅ ክፍል የሚሰለፍ ተጫዋች እንደሚሆን አስታወቀ።

ውሳኔው ምን ያህል ከባድ እንደነበረ ላሰምርበት እወዳለሁ። ከዋናው ሊግ የሚደርሱ መቺዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ ሺህ ጊዜ ሺህ ኳስ የመቱ ናቸው። እሱ በ25 ዓመቱ፣ ስሙ ከውድቀቱ ጋር በሁሉም አፍ ላይ እያለ፣ አዮዋ ውስጥ በዳቨንፖርት በታችኛው እርከን ተጫወተ። የ2006ን የውድድር ዘመን በሙሉ የጉልበት ጉዳት ወሰደበት። በ2007 በሜምፊስ 32 ሆም ረን መታ፤ ነሐሴ 9 ቀን ሴንት ሉዊስ ጠራው። በዚያው ምሽት በሰባተኛው ዙር 3 ነጥብ ያስገኘ ሆም ረን ሲመታ፣ ከውድቀቱ በፊትም ያሠለጥነው የነበረው ቶኒ ላ ሩሳ በደስታ አጨበጨበ።

እኔን ከዚያ ሆም ረን ይልቅ የሚደንቀኝ ግን ግንቦት 6 ቀን 2008 በዴንቨር የሆነው ነው። አንኪል የመሀል ሜዳውን ጥልቅ ክፍል ይጠብቅ ነበር። በአንዱ ጨዋታ ሁለት ጊዜ፣ ወደ ሦስተኛው ቤዝ የሚሮጥ ተጋጣሚ ሲያይ፣ ከአጥሩ አካባቢ ኳሷን በግራ እጁ ለቀቃት። እዚያ የሚጠብቀው ጉብታ የለም፣ ለማሰብም ጊዜ የለም፤ ማንሳትና መወርወር ብቻ ነው። ርቀቱ የ18 ሜትሩ ብዙ እጥፍ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ኳሷ መሬት ሳትነካ ሦስተኛው ቤዝ ላይ በቆመው በትሮይ ግላውስ ጓንት ውስጥ ገባች፤ ሁለቱም ሯጮች ወጡ።