ከአዲስ አበባ አሶሳ በብሉቱዝ?

«ኔትወርክ ቢጠፋም ከአዲስ አበባ አሶሳ መልእክት የሚያደርስ አፕ መጣ» የሚል ወሬ ሰው ሁሉ ይቀባበለዋል። መነሻ አላጣም። ከትዊተር መሥራቾች አንዱ የሆነው ጃክ ዶርሲ እ.ኤ.አ. በ2025 ቢትቻት የተባለ በብሉቱዝ የሚሠራ መተግበሪያ ለቋል። ነገር ግን የስልክ ብሉቱዝ አቅሙ በአስር ሜትሮች የሚቆጠር ነው። ስልክ ለስልክ ይቀባበላል ቢባል እንኳ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነው የአሶሳ መንገድ ዳር መተግበሪያውን የከፈተ ሰው በየጥቂት አስር ሜትሩ ተሰልፎ መቆም አለበት! መልእክቱ በተሳፋሪ ኪስ ውስጥ ሆኖ ከቦሌ በአውሮፕላን ቢሄድ ይሻላል። እሱም ቢሆን የሚደርሰው ስልኩ አሶሳ ገብቶ ሌላ ስልክ አጠገብ ሲሆን ነው።

ስለ ፋይል ማጋሪያ መተግበሪያው ዜንደር «ካርድ ይበላል» የሚባለውም እንዲሁ ነው። አንዱ ስልክ ሆትስፖት ይከፍታል፣ ሌላው ይገባል፤ ፋይሉ በቴሌ ማማ በኩል አያልፍም። የሚበላው ካለ፣ ዳታ ሳይዘጋ ሲቀር የሚጫነው ማስታወቂያ ነው።

ፋይል ማሻገር ቀላል ነው። ከባዱ፣ ተለያይተው የቆዩ ሁለት ስልኮች ሲገናኙ ምን ላይ ይስማማሉ የሚለው ነው። ዲቶ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለአየር መንገዶች የሚሸጠው ሶፍትዌር የተሠራው ለዚህ ችግር ነው፤ የአስተናጋጆች ታብሌቶች ያለ ኢንተርኔት እርስ በርስ መዝገባቸውን ያስተካክላሉ።

የእድር ሁለት ጸሐፊዎችን እንውሰድ። ሁለቱም ደብተር ላይ 5,000 ብር አለ። አንዱ በላይ ሰፈር 300፣ ሌላው በታች ሰፈር 200 ሰበሰበ። ድምሩን ብቻ ከጻፉ፣ አንዱ 5,300 ሌላው 5,200 ይዘው ይመጣሉ። ትልቁን ቢወስዱ 200 ብር ቀለጠ፤ ቢደምሩት 10,500 ሆነ። መፍትሔው እያንዳንዱን ክፍያ ከጸሐፊው ስምና ከተራ ቁጥሩ ጋር መመዝገብ ነው። ሲገናኙ አንዱ «ካንተ እስከ 14 አለኝ» ይላል፤ ሌላው ከ15 ጀምሮ ያነብለታል። ያው መስመር ሁለት ጊዜ ቢነበብም ቁጥሩ አንድ ስለሆነ ሁለት ጊዜ አይደመርም። ማን ማንን ቀድሞ አገኘ የሚለውም ውጤቱን አይለውጠውም። ስህተት ቢገኝ ግን ገጹ አይቀደድም፤ «ቁጥር 9 ተሰርዟል» የሚል አዲስ መስመር ይጨመራል። አለዚያ ስረዛውን ያልሰማው ጸሐፊ በሚቀጥለው ስብሰባ ቁጥር 9ን መልሶ ያመጣዋል።

የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪው ማርክ ሻፒሮና ባልደረቦቹ ይህን የአመዘጋገብ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2011 በሒሳብ ቋንቋ አስቀምጠውታል፤ ባለሙያዎች ሲአርዲቲ ይሉታል።

ሁለት መዝገቦች ሲጋጩ «የኋለኛው ይጽና» ብሎ በሰዓት መፍረድስ? የስልክ ሰዓት አይታመንም። ጊዜው ያለፈበትን መተግበሪያ ለማታለል ቀኑን ወደኋላ የሚመልስ ሰው ሞልቷል፤ ከኔትወርክ ርቆ የከረመ ስልክም ሰዓቱን የሚያርምለት የለም። የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪው ሌዝሊ ላምፖርት እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳየው መንገድ ሰዓቱን ትቶ «ይህን ስጽፍ ያንን አይቼ ነበር» የሚለውን ቅደም ተከተል መያዝ ነው።

የጤና ሚኒስቴር ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ያዘጋጀው ኢ-ቺስ በዋናነት የተሠራው በሌላ መንገድ ነው፤ መረጃው ታብሌቱ ላይ ይቆይና ኔትወርክ ሲገኝ ወደ ማዕከል ይላካል። ማዕከል ያለው ዘዴ ለቁጥጥር ይመቻል፤ ኋላ ቀር ነው የሚሉ የሙያ ባልደረቦቼን አልደግፍም። ሆኖም በካማሺ ወይም በመተከል ኔትወርክ በሌለው ቀበሌ፣ አንድ ጤና ኬላ ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ታብሌቶች ለመስማማት ማማ መጠበቅ ካለባቸው ያሳዝናል።

የእድሩ ደብተር ዘዴም አጉል ሊወደስ አይገባም። ሁሉም ደብተር አንድ ዓይነት መሆኑን ያረጋግጣል እንጂ የተጻፈው ልክ መሆኑን አያረጋግጥም። ከቦሌ ዋሽንግተን በሚበር አውሮፕላን ሁለት አስተናጋጆች በሁለቱ መተላለፊያዎች የመጨረሻዋን የጾም ምግብ ለሁለት ተሳፋሪ ቃል ቢገቡ፣ ታብሌቶቹ ሲገናኙ ሁለቱንም ቃል በታማኝነት ይይዛሉ፤ ምግቡ ግን አንድ ነው። ስለዚህ የሚያልቅ ነገር ከመነሻው ይከፈላል፤ 12 ከሆነ 6 ለግራ፣ 6 ለቀኝ። የራሷ ያለቀባት ቃል ከመግባቷ በፊት ጓደኛዋን ትጠይቃለች።