ዛማሌክን የሚያህል ሕዋስ

የሕዋስን ክፍሎች ለተማሪ ማስተዋወቅ ቀላል የሚመስል፣ ግን ብዙ ጊዜ የሚከሽፍ ሥራ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ ላይ ልጆች አንድ ሥዕል ያያሉ፤ መሐሉ ላይ ክብ ኒውክለስ፣ ዙሪያውን ሦስት አራት ማይቶኮንድሪያ፣ እዚህም እዚያም ነጠብጣብ ራይቦዞም። ስሞቹን ሸምድደው ለፈተና ይቀመጣሉ፤ ከፈተናው ማግሥት አብዛኛው ይረሳል። በብዙ አገር ያሉ መምህራን ለዚህ መላ ብለው የያዙት ሞዴል ማሠራትን ነው። ልጆቹ በጭቃ፣ በካርቶን፣ በክርና በጨሌ ሕዋስ ይሠራሉ፤ ወይም ሕዋስን ከሚያውቁት ሰፈር ጋር ያመሳስላሉ። ኒውክለስ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ማይቶኮንድሪያ ኃይል ማመንጫው፣ ጎልጂ ፖስታ ቤቱ ይሆናል።

እዚያ ላይ ብቻ የሚቆም ሥራ ግን አይጥመኝም። ማዛመድ እንቆቅልሽ ከመፍታት አይዘልም፤ ልጁ “ፖስታ ቤት” ብሎ ሲያበቃ ጎልጂ ምን እንደሚያደርግ ላያውቅ ይችላል። ነገሩን የሚለውጠው ማስመሪያ ነው። ሰፈሩና ሕዋሱ በአንድ ልኬት ሲለኩ ሥዕሉ የደበቀው ሁሉ ይወጣል።

ለዚህ የካይሮው ዛማሌክ የተዘጋጀ ያህል ይመቻል። ዛማሌክ በናይል መሐል የተኛው የጀዚራ ደሴት ሰሜናዊ ክፍል ነው። ደሴቱ ከሰሜን እስከ ደቡብ አራት ኪሎ ሜትር፣ ወርዱ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሚገባውና የሚወጣው በአብዛኛው በድልድይ ነው፤ ዙሪያውን የሚፈሰው ውኃ ደግሞ አብዛኛው ከእኛው ደጋ የወረደ ነው። በእጅ ቅርጽ ማውጣትም ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። በ1908 ካይሮ ውስጥ የተከፈተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ዛሬ ፋኩልቲ ሆኖ የሚገኘው ዛማሌክ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቹ አንዱ የነበረው ቀራጺ ማህሙድ ሙክታርም ሙዚየሙ እዚያው ደሴት ላይ ይገኛል።

ልኬቱ እንዲህ ነው። አንድ የእንስሳ ሕዋስ 20 ማይክሮሜትር ርዝመት አለው እንበል። ያን አራት ኪሎ ሜትር ለማድረስ በ200 ሚሊዮን ማባዛት ያስፈልጋል። አንድ ማይክሮሜትር የሚረዝም ማይቶኮንድሪያ 200 ሜትር ይሆናል። በደሴቱ ደቡባዊ ክፍል የቆመው፣ በ1961 የተመረቀው የካይሮ ማማ ቁመቱ 187 ሜትር ነው፤ ማማውን በጎኑ አስተኝቶ ወርዱን መቶ ሜትር ማድረስ ማለት ነው። እንደ ሕዋሱ ዓይነት እንዲህ ያሉ በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች ይኖራሉ። ራይቦዞም ከአምስት ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ደሴቱን የሚከበው የሕዋስ ሽፋን ውፍረቱ ሜትር ተኩል ብቻ ነው።

ኒውክለስ ላይ ሲደረስ ክርክር ይነሣል። አምስት ማይክሮሜትር የሆነው ኒውክለስ አንድ ኪሎ ሜትር ይወጣዋልና የደሴቱን መሐል ከወንዝ እስከ ወንዝ ይይዛል። ታዲያ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄደው በየት ይለፍ? በላዩና በሥሩ ነው፤ ካርታ ጠፍጣፋ ነው፣ ሕዋስ ግን ድፍን አካል ነው። ከየቡድኑ ከሞዴሉ ጋር አንድ ገጽ እንዲቀበል መምህሩን የምመክረው ለዚህ ነው፤ “ሞዴላችን የሚዋሸው የት ላይ ነው?” የሚል። ማርክ ከሚሰጥበት ሥራ ሁሉ ይህን ገጽ አስበልጣለሁ።

ከዚያ ዲ ኤን ኤ አለ። በአንድ የሰው ሕዋስ ውስጥ ያለው ዲ ኤን ኤ ቢቀጣጠል ሁለት ሜትር ይደርሳል። በደሴቱ ልኬት 400,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ጨረቃ ከምድር የምትርቀው በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ነው። ያ ሁሉ ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ እየተጠመጠመ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ይቀመጣል። ተማሪዎች ደሴቱን ክፍላቸው ውስጥ በአንድ ሜትር ካርቶን ላይ ቢሠሩት እንኳ የሚያስፈልገው ክር መቶ ኪሎ ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ አዳማ የሚያደርስ።

መጠኑ ከተያዘ በኋላ አንድ ነገር መንገድ ላይ መዋል አለበት። ኢንሱሊንን እመርጣለሁ፤ ስኳር በሽታን የማያውቅ ቤተሰብ የለምና። ኢንሱሊን የሚሠራው የቆሽት ሕዋስ ከኛ ደሴት ልኬት ያነሰ ቢሆንም ጉዞው ያው ነው። የኢንሱሊንን ትእዛዝ የያዘው መልእክተኛ አር ኤን ኤ ከኒውክለስ በቀዳዳ ይወጣል፤ ራይቦዞም ያነበዋል፤ መጀመሪያ የሚሠራው ሰንሰለት 110 አሚኖ አሲዶች አሉት። በሰው ሕዋስ ራይቦዞም በሰከንድ አምስት ያህል ስለሚቀጥል ሥራው ከግማሽ ደቂቃ በታች ያልቃል። ሰንሰለቱ ወደ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ገብቶ ይታጠፋል፣ በጎልጂ በኩል ያልፋል፣ በከረጢት ታሽጎ ይጠብቃል፤ ተቆራርጦ ሲወጣ የቀረው 51 አሚኖ አሲድ ነው። የሕዋስ ተመራማሪው ጆርጅ ፓላዴ ከጀምስ ጀሚሰን ጋር በ1960ዎቹ ይህን የመሰለ መንገድ የተከተለው በጊኒ ፒግ ቆሽት ነው፤ ለአጭር ጊዜ ራዲዮአክቲቭ አሚኖ አሲድ ሰጥቶ፣ በየደቂቃው የት እንደደረሰ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እያየ። ፓላዴ በ1974 ከአልበርት ክሎድና ከክርስቲያን ደ ዱቭ ጋር ኖቤል ተሸለመ። ልጆቹም አንድ ባለ ቀለም ጨሌ ይዘው ያንኑ መንገድ በየጣቢያው እየቆሙና እየተናገሩ ይሂዱ፤ ዝም ብሎ የተለጠፈ ስም አይበቃም።

ሽፋኑን በካርቶን መሥራት ትልቁ ስሕተት ነው፤ ካርቶን ግድግዳ ነው፣ የሕዋስ ሽፋን ግን ፈሳሽ ነው። ተመራማሪዎቹ ሲንገርና ኒኮልሰን በ1972 እንዳቀረቡት ቅባቶቹም ፕሮቲኖቹም ወደ ጎን ይንሳፈፋሉ። ይህን በሳሙና ማሳየት ይቻላል። ሁለት የስትሮ ቁራጭ በክር አገናኝቶ ባለ አራት ማዕዘን ክፈፍ መሥራት ነው። ከዚያ ውኃ፣ ፈሳሽ ሳሙናና ጥቂት ግሊሰሪን በተቀላቀለበት ሳህን ነክሮ ቀስ ብሎ ማውጣት። ስስ ቆዳ ተዘርግቶ ይታያል፤ ቀለሞቹ በላዩ ይዋኛሉ። በደረቅ ጣት ሲነኩት ይፈነዳል፤ በሳሙና ውኃ የራሰ ጣት ግን አልፎ ይወጣል፣ ቆዳውም ተመልሶ ይገጥማል። አሁን በሳሙና የራሰ የክር ቀለበት በቆዳው ላይ ይጣልና የቀለበቱ ውስጥ ብቻ በደረቅ እርሳስ ጫፍ ይነካ። ተጨማዶ የነበረው ክር ብድግ ብሎ ፍጹም ክብ ይሆናል፤ በሽፋኑ ላይ በር ተከፈተ። ፒተር አግሬ በ2003 ኖቤል የተሸለመበት አኳፖሪን የተባለው ፕሮቲን እንዲህ ያለ የውኃ በር ነው፤ የውኃ ሞለኪውሎችን አንድ በአንድ አሰልፎ ያሳልፋል። ልዩነቱም ይነገር፤ የሳሙና ሞለኪውሎች ውኃ ጠል ጭራቸውን ወደ አየር ያወጣሉ፣ በሕዋስ ሽፋን ግን ጭራዎቹ ወደ ውስጥ ፊት ለፊት ይገጥማሉ።

የዕፅዋት ሕዋስ የመረጠ ቡድን በሽፋኑ ዙሪያ የሴሉሎስ ግድግዳ ይጨምራል። ለዚህ የሚሆን ማስረጃ ካይሮም ጣናም አለ፤ ደንገል። ግብፆች የጻፉበት ፓፒረስና የጣና ታንኳ የሚታሰርበት ተክል አንድ ናቸው፤ ሕዋሶቹ ሞተው ግድግዳዎቹ ቀርተዋል። ሮበርት ሁክም በ1665 በቡሽ ውስጥ ያየው ባዶ ግድግዳውን ነበር።

ወደ ማይቶኮንድሪያ ልመለስ፤ ብዙ ሞዴሎች ባዶ የሚተዉት እሱን ነው። በአንድ ሜትሩ ካርቶን ላይ አምስት ሴንቲ ሜትር የሚሆነው ይህ ክፍል የራሱ ዲ ኤን ኤ አለው፤ በሰው ላይ 16,569 ጥንድ ፊደላት፣ 37 ጂኖች። በካርቶኑ ልኬት 28 ሴንቲ ሜትር ክር ተቆርጦ፣ ጫፍና ጫፉ ታስሮ በአምስቱ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ይጠቀጠቃል፤ ያውም አንድ ቅጂ ብቻ ሳይሆን ብዙ። ኒውክለስ እያለ ይህ ለምን አስፈለገ የሚል ልጅ ከተነሣ ትምህርቱ ሠርቷል። ባዮሎጂስቷ ሊን ማርጉሊስ በ1967 ባሳተመችው ጽሑፍ የተሟገተችለት መልስ ዛሬ ተቀባይነት አግኝቷል፤ ማይቶኮንድሪያ ጥንት ለብቻው የሚኖር ባክቴሪያ ነበር። ራይቦዞሞቹ ሳይቀሩ ከሕዋሱ ይልቅ ለባክቴሪያ ራይቦዞም ይቀርባሉ፤ ክሎራምፌኒኮልን የመሰለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት እነሱንም የሚነካው ለዚህ ነው። ስለዚህ ማይቶኮንድሪያው ውስጥ የሚገባው የራይቦዞም ጨሌ ውጭ ከተበተነው የተለየ ቀለም ይኑረው።