የጉበትን ፕሮቲን የሚለየው ብልቃጥ፤ አስመጪው ሊጠይቀው የሚገባ

የወለጋ ቡና በውጭ ገበያ «ለቀምት» ተብሎ ሲሸጥ ገዢው ናሙናውን ቀምሶ እንጂ የጆንያውን ጽሕፈት አይቶ ዋጋ አይቆርጥም። የሲሬም የነቀምቴም ነጋዴ ይህን ያውቃል። ለምርምር ቤት የሚታዘዘው አንቲቦዲ ግን እስካሁን በብዙ ስፍራ በጽሕፈቱ ብቻ ይገዛል።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ጉበት የሐሞትን ጨው ከደም የሚቀበልበት ኤንቲሲፒ የተባለ ፕሮቲን አለው፤ ወደ ሐሞት ቧንቧ የሚያስወጣለት ደግሞ ቢኤስኢፒ ይባላል። በ2012 እ.ኤ.አ. በቤጂንግ የሚሠሩ ሊቃውንት የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ወደ ጉበት ሕዋስ የሚገባው በዚሁ በኤንቲሲፒ በር መሆኑን አስታወቁ። ደዌው በአገራችን የተስፋፋ ነው፤ በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም በ2015 እ.ኤ.አ. ለዚሁ ሕመም የሕክምና ፕሮግራም ጀምሯል። ስለዚህ ፕሮቲኑን ለይቶ የሚያሳየው ብልቃጥ ለእኛ የሩቅ ዕቃ አይደለም።

አንቲቦዲ ባዕድ ነገር የተወጋ እንስሳ ደም የሚያፈራው ነው። ከጥንቸል ደም በቀጥታ የሚወሰደው እንስሳው በተለወጠ ቁጥር ጠባዩ ይለወጣል። ኮህለርና ሚልስታይን በ1975 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ዘዴ ግን ከአንድ የሕዋስ ዘር ዘወትር አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ያስገኛል፤ በ1984 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አሰጥቷቸዋል። ቢሆንም የአይጥን ኤንቲሲፒ የሚያውቅ ሁሉ የሰውን አያውቅም፤ በስስ የጉበት ቁራጭ ላይ የሠራም በሌላ የመመርመሪያ ዘዴ ሊከሽፍ ይችላል። እንግዲህ አስመጪው ሻጩን ማስረጃ ይጠይቅ፤ ይኸውም አንቲቦዲው በጉበት ላይ ምልክት ሰጥቶ በጡንቻ ላይ ዝም ማለቱን የሚያሳይ ሥዕል ነው። ሥዕሉን የማይሰጥ ሻጭ ዋጋው ቢረክስም ይቅርበት።

ሁለተኛው ነገር ብርድ ነው። ብልቃጡ እንደ ዓይነቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ይጠበቃል፤ ደጋግሞ መቅለጥና መርጋት ያበላሸዋል። ከአዲስ አበባ በአምቦ፣ በጌዶ፣ በባኮና በሲሬ አልፎ ነቀምቴ የሚደርስ ሣጥን በባኮ ቆላ ፀሐይ ላይ ቢውል በዓይን የሚታይ ጉዳት አይገኝበትም። ቅቤ ቢሆን ቀልጦ ራሱን ያጋልጥ ነበር! የተበላሸው አንቲቦዲ ግን ጥርት ብሎ ይቆያል፤ ተመራማሪውም ፕሮቲኑ የለም ብሎ ይጽፋል።

ስለሆነም ከደረሰኙ ላይ የምርት ቁጥሩ ይመዝገብ፤ በሣጥኑም ውስጥ የሙቀት መመዝገቢያ እንዲገባ ከዕቃው ጋር አብሮ ይታዘዝ። ለወለጋ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ለሌላ ምርምር ቤት የሚያቀርብ ነጋዴ እነዚህን ሁለቱን በፕሮፎርማው ላይ አስቀድሞ ቢጽፍ፣ ክርክር ሲነሣ የሚያቀርበው ሰነድ ይኖረዋል።