ብቸኛው ንጉሥና የመጨረሻው ወታደር

የዕለቱ ተግባር ተፈጽሞ ምሽቱ ሲቃረብ፣ በመዝናኛ ክበቡም ሆነ በየቤታችሁ ቼዝ የምትጫወቱ ብዙዎች ናችሁ። እኛም ከሰሌዳው ዳር ቆመን ስንመለከት ደጋግመን ያስተዋልነው ነገር አለ። ለአንዱ ወገን ንጉሡ ብቻ ሲቀር፣ ለሌላው ደግሞ አንድ ወታደር ሲተርፈው፣ ብቸኛ ንጉሥ የቀረው ተጫዋች «አለቀልኝ» ብሎ ይነሣል። ምሽቱን ሙሉ የደከመበትን ጨዋታ ሳይሸነፍ በገዛ እጁ ያስረክባል።

ይሁን እንጂ በኃይል ማነስና መሸነፍ አንድ አይደሉም። ተራው የደረሰው ተጫዋች ንጉሡ ሳይጠቃ የሚረግጠው ቤት ሁሉ ከተዘጋበት፣ ሌላም የሚያንቀሳቅሰው ከሌለው፣ በቼዝ ሕግ ጨዋታው እኩል ለእኩል ይፈጸማል። የተከላካዩ ተስፋ በዚህ ሕግ ላይ የቆመ ነው።

እስቲ ሰሌዳውን አቅርባችሁ ሞክሩት። ረድፎቹን ከአጥቂው በኩል ቁጠሩ። የአጥቂው ወታደር በመካከለኛ መስመር አምስተኛው ረድፍ ላይ ይቁም፤ ንጉሡም ከጎኑ ይሁን። የተከላካዩ ንጉሥ በዚያው በወታደሩ መስመር ሰባተኛው ረድፍ ላይ ይጠብቅ። ወታደሩ ወደ ስድስተኛው ሲገፋ፣ ተከላካዩ ወደ ጎን ሳይል ቀጥታ ወደ ኋላ ያፈግፍግ። የአጥቂው ንጉሥ ከወታደሩ ጎን ሲደርስ፣ አንድ ቤት በመካከል ትቶ ፊት ለፊት ይግጠመው። ወታደሩ ሰባተኛውን ረግጦ ሲያጠቃው፣ ተመልሶ ከፊቱ ይቁም። አጥቂው ወታደሩን ለማዳን ንጉሡን ከኋላው ቢያስጠጋ፣ ተከላካዩ መሄጃ ያጣል፤ ጨዋታው እኩል ነው። ባያስጠጋ ወታደሩ ይበላል። ነገር ግን ተከላካዩ በመጀመሪያው ማፈግፈግ ወደ ጎን ከሄደ፣ ወታደሩ ንግሥት መሆኑ አይቀርም።

ለአጥቂውም ትምህርት አለው። ንጉሡ ከወታደሩ ጎንና ኋላ ከመቅረት ይልቅ፣ ቀድሞ ከፊት ወጥቶ መንገድ ቢጠርግለት ኖሮ ድሉ የእርሱ በሆነ ነበር።

ሪቻርድ ሬቲ የተባለው የቼዝ ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1921 ያወጣው እንቆቅልሽም ይህንኑ ያጸናል። ነጩ ንጉሥ የጠላትን ወታደር ለመያዝ እጅግ ዘግይቷል፤ የራሱን ወታደር ለመርዳትም ሩቅ ነው። ሆኖም በሰያፍ እየተራመደ ወደ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይቀርባል፤ ጨዋታውንም እኩል ያወጣል። ለአንዱ ብቻ ቢሮጥ ሁለቱንም ያጣ ነበር።

ባለትዳሮች ሆይ! ለዚህ ልምምድ ሁለት ንጉሥና አንድ ወታደር ይበቃሉ። ቡናው እስኪፈላ ድረስ አንድ ጊዜ አጥቂ፣ አንድ ጊዜ ተከላካይ እየሆናችሁ ሞክሩት፤ ልጆቻችሁም ከጎናችሁ ተቀምጠው ይማሩ። ከእንግዲህ ንጉሣችሁ ብቻውን ቢቀር፣ ከመነሣታችሁ በፊት የት እንደቆመ ተመልከቱ እንላለን።