እድር ለቀብር ብቻ ነውን? የማኅፀን በር ካንሰርና የማኅበረሰብ አጋርነት
(በአምቦ ለሕዝብ የቀረበ ገለጻ)



ካንሰር ሁሉንም ይነካል፤ ሁሉንም ግን እኩል አይገድልም። ይህን ልዩነት ለማሳየት የማኅፀን በር ካንሰርን እመርጣለሁ። በአገራችን ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው እርሱ ነው፤ አስቀድሞ ለመከላከል ከሚመቹት ካንሰሮችም አንዱ ነው።

መንስኤው በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ሂዩማን ፓፒሎማ የተባለ ቫይረስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት ራሱ ያስወግደዋል። በሰውነት ውስጥ ከቆየ ግን ወደ ካንሰር ለመለወጥ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጅበታል፤ ኤች አይ ቪ በደማቸው ባለና ሕክምና ባልጀመሩ ሴቶች ላይ ጊዜው ያጥራል። ምርመራው ቀላል ነው። ባለሙያዋ የማኅፀኑን በር በቀጭን አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም በአቼቶ ውስጥ ባለው አሲድ፣ ትቀባዋለች፤ የተለወጠው ክፍል ነጥቶ ይታያል። ቁስሉ ለዚህ ሕክምና የሚመች ከሆነ በዚያው ቀን በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ሊወገድ ይችላል። ለልጃገረዶች የሚሰጠው ክትባትም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን አለ።

ታዲያ እናቶቻችን ስለምን ዘግይተው ይመጣሉ? መልሱን በብሔር ወይም በደም ውስጥ የምንፈልግ ከሆነ እንሳሳታለን። እኔ ሦስት ምክንያቶችን አያለሁ።

የመጀመሪያው ርቀት ነው። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበር። ከባኮ ወይም ከጌዶ ገጠር ለምትነሣ ሴት ይህ ማለት የመኪና ወጪ፣ ማደሪያና ከብቶቹን የሚጠብቅ ሰው ማለት ነው። ሁለተኛው ቋንቋ ነው። በአማርኛ «ነቀርሳ» የሚለው ቃል ለሳንባ በሽታም ለካንሰርም ሲያገለግል ኖሯል፤ ሰሚው የትኛው እንደ ሆነ ይምታታበታል። በአፋን ኦሮሞ አፏን ለፈታች እናት ደግሞ በአማርኛ ብቻ የተጻፈ ማስታወቂያ ከግድግዳ ጌጥ አይለይም። ሦስተኛው ኀፍረት ነው፤ ሕመሙ ያለበት ስፍራ በአደባባይ አይጠራም።

እነዚህን ሦስቱን ሆስፒታል ብቻውን አይፈታቸውም። በአሜሪካ አርካንሳስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከካንሰር የዳኑ ጥቁር ሴቶች በየቤተ ክርስቲያናቸው እየቆሙ የራሳቸውን ታሪክ መመስከር ጀመሩ። ከሐኪም ቃል ይልቅ የጎረቤት ምስክርነት ኀፍረትን ይሰብራል። በእኛም አገር ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች በ1996 ዓ.ም. የማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ማኅበርን መሥርተው ሐዘናቸውን ለሌሎች መርጃ አድርገውታል።

እኛ ደግሞ እድር አለን። በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ጉራጌው በአንድ ድንኳን ሥር ተቀምጦ ያስተዛዝናል። በኤች አይ ቪ ዘመን በርካታ እድሮች ከቀብር አልፈው በሽተኛ አስታመዋል፤ ወላጅ አልባ ልጆችን ደግፈዋል። ስለዚህ የምጠይቀው አዲስ ነገር አይደለም።

«የቀብር ገንዘብ ለሕያው አይወጣም» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ አባሉ ያዋጣው ለሐዘኑ ቀን ነውና። ሆኖም እናት ከሞተች በኋላ ድንኳን የሚተክል ማኅበር፣ በሕይወት ሳለች የመኪና ኪራይዋን ቢሸፍን ከዓላማው አይወጣም። ውሳኔው ግን የአባላቱ እንጂ የእኛ የመምህራን አይደለም። ዘመቻና አጋርነት የሚለያዩት በዚህ ነው፤ ዘመቻ መጥቶ ይሄዳል፤ አጋር ግን አብሮ ይወስናል፣ ተጠያቂም ይሆናል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ። እድሮች ለሕክምና ወደ ሩቅ ለሚላኩ አባላት አነስተኛ የመጓጓዣ ፈንድ ይለዩ። የሴቶች እድሮች በቡና ሰዓት፣ ፈቃደኛ የሆኑ የዳኑ ሴቶች በየራሳቸው ቋንቋ እንዲናገሩ መድረክ ይስጡ። የጤና ተቋማት ደግሞ ስንት ሴቶች እንደተመረመሩ፣ ከእነርሱም ስንቶቹ ሕክምና እንዳገኙ፣ የማንንም ስም ሳይገልጡ ለእድሮቹ በየጊዜው ያሳውቁ። የአንዲት ሴት ውጤት የራሷ ምስጢር ነው፤ ሰብሳቢውም ባሏም ያለፈቃዷ ሊያውቁት አይገባም። ይህ ካልተጠበቀ ምርመራውን የሚደፍር አይኖርም።

የእድር ሰብሳቢዎች ሆይ፣ በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባችሁ ይህን አንድ አጀንዳ አድርጋችሁ ያዙት።