ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ሲያስቸግር ጥፋቱ የማን ነው?

በመቐለ አዲስ ኮምፒውተር ለመግዛት አቅም የሚያጥረው የፎቶ ቤት ወይም የጽሕፈት አገልግሎት ባለቤት የቆየውን ማሽን ባገለገለ ግራፊክስ ካርድ ማደስን ይመርጣል። ካርዱ ተገጥሞ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ከቀረ ግን ሌላ ወጪ ከማውጣት በፊት የጥፋቱን ምንጭ መለየት ይገባል።

በመጀመሪያ የስክሪኑ ገመድ ከማዘርቦርዱ ሳይሆን ከካርዱ ጋር መያያዙ ይታያል። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ጠፍቶና ከሶኬት ተነቅሎ ካርዱ ይወጣል፤ አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋል፤ ከዚያም በቦታው በደንብ ተጭኖ ይመለሳል።

ሦስተኛው ጉዳይ ኃይል ነው። ካርዱ ከማዘርቦርዱ የሚያገኘው ቢበዛ 75 ዋት ነው፤ ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ ባለ 6 ወይም ባለ 8 ፒን ገመድ ያስፈልገዋል። የደከመ ፓወር ሰፕላይ ሥራ ሲበዛበት ኮምፒውተሩን ድንገት ያጠፋል፤ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ በካርዱ ይሳበባል።

በአንጻሩ ዊንዶውስ ገና ሳይነሳ ባለቀለም ነጠብጣብና መስመር ከታየ የካርዱ ሚሞሪ ሳይጎዳ አይቀርም፤ ይህ ድራይቨር በመቀየር አይድንም። ችግሩ ካርዱ ከጋለ በኋላ ብቻ ከመጣ ማራገቢያውና የደረቀው ቴርማል ፔስት ይፈተሻሉ።

ቁርጡ የሚታወቀው ካርዱ በሌላ ደህና ኮምፒውተር ሲሞከር ነው። እዚያ ከሠራ ችግሩ ከኃይሉ ወይም አዲስ ካርድ ከማይቀበለው የድሮ ባዮስ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ገዢ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ካርዱን በሻጩ ፊት፣ ሥራ በዝቶበት፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢያሠራው ይመከራል።