ከገብስ መካከል የሚገኘው ጥቁር ፍሬና የሻጋታ ምስክር

አዝመራ በሚደርስበት ጊዜ የገብስና የስናር ዛላ በቅርብ ሲመረመር፥ በፍሬው ቦታ ጠቆር ያለ፥ ከፍሬው የሚረዝምና እንደ ቀንድ የቆለመመ ነገር አልፎ አልፎ ይገኝበታል። ይህ የሻጋታ ወገን የሆነ ተውሳክ ሲሆን፥ ፈረንሳውያን የአውራ ዶሮ የኋላ ጥፍር ስለ መሰላቸው ኤርጎት ብለው ሰይመውታል።

ጉዳቱ በኢትዮጵያ የታወቀ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1977ና በ1978 በወሎ፥ ተውሳኩ የበዛበትን ስናር ከገብስ ጋር የተመገቡ ከ100 በላይ ሰዎች ታመሙ፤ የደም ሥራቸው እየጠበበ እጅና እግራቸው ደርቆ የተቆረጠባቸው፥ የሞቱም ነበሩ። በ2001ም በአርሲ በገብስ ምክንያት ይኸው በሽታ ታይቷል።

ሻርል ታንሬ የተባለው ፈረንሳዊ መድኃኒት ቀማሚ በ1889 ከዚሁ ተውሳክ ሰም መሰል ቅባት ለይቶ አወጣ። ዛሬ ኤርጎስቴሮል የሚባለው ይህ ነው። ይሁን እንጂ መርዙ እርሱ አይደለም፤ መርዙ አልካሎይድ የሚባሉት ሌሎች ቅመሞች ናቸው። ኤርጎስቴሮል የሻጋታውን ሕዋስ ስስ ሽፋን የሚያጸና ነው፤ ይኸውም ኮሌስትሮል በሰው አካል የሚሠራውን ሥራ በሻጋታ ውስጥ ይሠራል።

ለእህል ምርመራ የሚሰጠው ጥቅምም ከዚህ የመጣ ነው። ጤነኛ እህል ይህን ቅባት ስለማያበጅ፥ በላቦራቶሪ ተመርምሮ በብዛት ሲገኝበት ሻጋታ የበዛበት መሆኑ ይታወቃል። ጥቁሩ ፍሬ ከእህሉ ጋር ከተፈጨ በኋላ ዓይን ሊለየው አይችልም፤ ኤርጎስቴሮሉ ግን በዱቄቱ ውስጥ ሆኖ ይመሰክራል። ሆኖም የሚመሰክረው የሻጋታውን መብዛት እንጂ የመርዙን ልክ ስላልሆነ፥ መርዙ ለብቻው መመርመር አለበት። እንጀራውን ወይም ዳቦውን መጋገርም መርዙን ፈጽሞ አያጠፋውም።

ላቦራቶሪ ለሌለው ገበሬ ምርመራው ከወፍጮ በፊት ነው። እህሉን አበጥሮና አንጠርጥሮ ጥቁሩን ፍሬ መልቀም፥ የተለቀመውንም ለከብት ወይም ለዶሮ አለመስጠት ይገባል። ለዘር የሚሆነው በጠንካራ የጨው ውሃ ቢነከር ጥቁሩ ፍሬ ይንሳፈፋል፥ ጤነኛው ይዘቅጣል፤ ዘሩም ወዲያው ታጥቦ ይድረቅ። ስናሩን ከገብሱ ማረም፥ መሬቱን በጥልቀት ማረስና ከገብስ በኋላ ባቄላ ወይም አተር መዝራትም ተውሳኩን ይቀንሳል።

በችጋር ዓመት ከተገኘው እህል ላይ ጥቂቱን እንኳ መጣል ለቤተሰብ ከባድ ነው። የወረዳ ሹማምንትና የእርሻ ሠራተኞች ማስጠንቀቂያቸውን ማድረስ የሚገባቸውም፥ ስናሩ ከገብሱ ጋር ወደ ወፍጮ ከመግባቱ አስቀድመው ነው።